የሚያሰላ ሰው ዕዳ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው ግን ገንዘብ የሚቆጥረውን፣ የሚያበድረውንና ወለድ የሚያሰላውን ጎረቤቱን በጎሪጥ ያየዋል። የአራጣ አበዳሪ በር በችግር ቀን ይንኳኳል እንጂ ባለቤቱ ከልብ አይወደድም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አራጣን ሲያወግዙ ኖረዋል። እንግዲህ ገንዘብን እየፈለግን የገንዘብን ዐዋቂ ግን የምንጠረጥር ሰዎች ነን ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ ነው? ወይስ በውስጡ አንድ እውነት ይዟል?

ጥያቄው ዛሬ መነሣት ያለበት ይመስለኛል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ከወረሰ በኋላ የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኩ በዛ፤ ቅርንጫፉም ከከተማ ወደ ወረዳ ወረደ። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ ዐዋጅ ወጣ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ለውጭ ባንኮችም በሩ በሕግ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ የተማረ ሰው ያስፈልጋልና ወጣቱ በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ ቢሽቀዳደም አይፈረድበትም። ከእነ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ብትገቡ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከደብረ ወርቅ የመጣ ልጅ አታጡም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀጣጠለው ጦርነት የብዙውን ትምህርትና መንገድ ቢያሰናክልም ፍላጎቱ አልጠፋም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እንጂ የፋይናንስ ዲግሪ የለውም። ይሁን እንጂ የትምህርቱን እምብርት ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ዛሬ በእጅ ያለ አንድ ብር ከዓመት በኋላ ከሚገኝ አንድ ብር ይበልጣል፤ ሲበዛም ሲያንስም ልዩነቱ ይሰላል። ስጋት ይለካል፤ ለስጋትም ዋጋ ይቆረጥለታል። የቀረው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝርና ማብራሪያ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ትምህርቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ከሌሎች ዕውቀቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሐኪም ከበሽተኛው የበለጠ ስላወቀ በሽተኛው ይጠቀማል። የገንዘብ ዐዋቂ ግን ከተበዳሪው የበለጠ ስላወቀ ተበዳሪው ሊጎዳ፣ አበዳሪው ደግሞ በዚያው ልክ ሊያተርፍ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሚያሰላ ሰው ማስላት ለማይችለው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ነገሩ በነፋስ ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሞጣ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትቸረችር አንዲት ሴት 10,000 ብር ተበደረች እንበል። «ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ በ12 ወር እኩል እኩል ትከፍያለሽ» ተባለች። አበዳሪው 18 በመቶውን በመጀመሪያው 10,000 ብር ላይ አስልቶ 1,800 ብር ወለድ ጨመረበት። ጠቅላላው 11,800 ብር ለ12 ሲካፈል በየወሩ 983 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ሴትዮዋ አልተዋሸችም፤ 18 በመቶ ተባለች፣ 18 በመቶ ተጻፈ።

አሁን የተማረው ሰው ወረቀቱን ይመልከተው። ሴትዮዋ በየወሩ ስለምትከፍል 10,000 ብሩ በእጇ የቆየው ለአንድ ወር ብቻ ነው። በስድስተኛው ወር የቀረባት ዕዳ ግማሽ ገደማ ነው፤ ወለዱን የምትከፍለው ግን ዛሬም በሙሉው ላይ ነው። ወለዱ በየወሩ በቀረባት ዕዳ ላይ ብቻ ቢሰላ ኖሮ 18 በመቶው በዓመቱ ወደ 1,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር። 1,800 ብር ከከፈለች ግን በእውነተኛው ስሌት የተበደረችው በ32 በመቶ ያህል ነው። 800 ብሩ የሄደው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው፤ «በመቶ» የሚለው ቃል ከምን ላይ እንደሚቆጠር ሳይነገራት በመቅረቱ። ይህን ለማየት በማስተርስ ክፍል አንድ ሳምንት ይበቃል። ለእርሷ ግን ዕድሜ ልኳንም ላይታያት ይችላል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ፈርማለች» የሚል አይጠፋም። ይህ የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ሰው ለፊርማው ካልታመነ ንግድም ብድርም አይኖርም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምንለውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ፊርማ የሚከበረው የፈቃድ ምልክት ስለሆነ ነው፤ ሰው ደግሞ ያልገባውን ነገር ሊፈቅድ አይችልም። ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር ባለቤቱን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። በቁጥር 2479 ደግሞ ተዋዋዮች በብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ደንብ ስለሚተዳደሩ ይህ ጣሪያ ለእነርሱ ሌላ ነገር ነው። የድንጋጌዎቹ መንፈስ ግን ግልጽ ነው፤ ሕጉ ራሱ አውራ ጣት ብቻውን በቂ ምስክር እንዳልሆነ ተናግሯል። ችግሩ ፊደል የቆጠረው ሁሉ የወለድ ስሌት ቆጥሯል ማለት አለመሆኑ ነው። ሴትዮዋ ስሟን አሳምራ ትጽፍ ይሆናል፤ በስሌቱ ፊት ግን ያው አውራ ጣቷን እንዳሳረፈች ናት።

ቢቸናና ሞጣ ይህን ነገር ከታሪካቸው ያውቁታል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የቀድሞውን አሥራት የሚተካ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ገቢው የበዛው ብዙ፣ ያነሰው ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ በመሆኑ ለድኻው የሚሻል ስሌት ነበር። ይሁንና የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አሻፈረኝ ብሎ መሣሪያ አነሣ። መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በመጨረሻው ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር በምሕረት ተሰረዘ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ «ያልተማረ ገበሬ የሚጠቅመውን አላወቀም» ተብሎ ይተረካል። ባላባቱም የራሱን ጥቅም ለማስጠበቅ አራግቦት ይሆናል፤ ያ አይካድም። እኔ ግን ገበሬው ያሰበበት ይመስለኛል። መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ ርስት ነው። መሬት ከተለካና ገቢው ከተገመተ ነገ ምን እንደሚከተል አያውቅም፤ ቀላድ በሌላ አገር ምን እንዳስከተለ ግን ሰምቷል። ገማቹንና ጸሐፊውን ያውቃቸዋል፤ ጉቦውንም ያውቀዋል። ቁጥሩ የሚሰላው እርሱ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ፣ እርሱ በማያነብበው ወረቀት ላይ፣ በማያምነው ሰው እጅ ነው። ስሌቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ሊያረጋግጠው ያልቻለውን ስሌት እንደ ወጥመድ ቢቆጥረው ሞኝ ሊባል አይገባም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ትክክለኛ ስሌት እንኳ ለሚከፍለው ሰው በግልጽ ካልተነገረ ከተሳሳተ ስሌት አይሻልም።

«ታዲያ ገበሬው ሁሉ ፋይናንስ ይማር?» ይባል ይሆናል። አያስፈልግም። ለዚህ መልሱ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በዲማና በመሰሎቹ ጉባኤ ቤቶች ሊቃውንቱ ባሕረ ሐሳብን ያውቃሉ። አበቅቴውን ከመጥቅዑ ጋር ደምረው 30 ያደርጋሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ዐቢይ ጾም የሚገባበትንና ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ያወጣሉ። ስሌቱን የሚያውቀው ከመቶ አንድ አይሆንም። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ ይታወጃሉ። ዘሪውም አራሹም፣ ፊደል ያልቆጠረችውም አሮጊት ጾሙ መቼ እንደሚገባ ሰምታ ትሄዳለች። ሊቁ ስሌቱን ለራሱ ቢይዝ ማንም አይቀየመውም፤ ውጤቱን ቢደብቅ ግን ሕዝቡን አሳተ ይባላል። በባህላችን የሚያሰላ ሰው ግዴታ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። የስሌቱን ጥበብ ሁሉም ሊያውቀው አይጠበቅም፤ ውጤቱ ግን በሚገባቸው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነገራቸዋል።

ዕቁባችንም እንደዚሁ ነው። ሃያ ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል ባለ ዕጣው 20,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና የመጨረሻው አባል የሚያውቁት እኩል ነው፤ የተደበቀ ነገር የለም። እርግጥ የተማረው ሰው እዚህም አንድ ነገር ያያል። መጀመሪያ የወሰደው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የሚወስደው ያለ ወለድ አበድሯል፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ደግሞ የኋለኛው 20,000 የፊተኛውን 20,000 አያህልም። ዕቁብተኛው ግን ይህንንም በራሱ መንገድ ደርሶበታል። የቸኮለው ሰው ቅድሚያ የደረሰውን ሰው ዕጣ በገንዘብ የሚገዛው ለዚህ ነው። የፋይናንስ መምህር በሰሌዳ ላይ የሚያስተምረው ቅናሽ ይኸው ነው። ሕዝቡ ነገሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥለት የገንዘብን የጊዜ ዋጋ ለመረዳት ሰነፍ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአበዳሪዎች በኩል የሚመጣ ነው። «ለአንድ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት ከማበደር ለአንድ ሰው ብዙ ማበደር ይቀላል፤ አነስተኛ ብድር ወጪው ከፍተኛ ነው፤ ወለዱን ካላስከፈልን ገበሬው ዞሮ ዞሮ አራጣ አበዳሪው ደጅ ይወድቃል» ይላሉ። እውነት አላቸው። በአማራ ክልል አብቁተ ሥራ ከጀመረበት ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የገጠሩ ድኻ የሚያስይዘው ሀብት ስለሌለው ከባንክ ደጅ አይደርስም ነበር። አብቁተ ጎረቤታሞችን በቡድን እያደራጀ አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን በማድረግ አበደረ፤ በኋላም አድጎ በ2014 ዓ.ም. የባንክ ፈቃድ አግኝቶ ፀደይ ባንክ ሆነ። እንግዲህ ወለድ ማስከፈል ብቻውን በደል ነው የሚል ክርክር የለኝም። ወለድ ሕሊናዬ አይፈቅድም ለሚለውም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉለት። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ውድ ብድር ውድ መሆኑ ተነግሮት የሚበደር ሰው መርጧል፤ ርካሽ ነው ተብሎ ውድ የሚበደር ሰው ግን አልመረጠም። ወጪው ከፍ ያለ ከሆነ ከፍ ያለ መሆኑን መናገር አበዳሪውን ምን ይጎዳዋል? የሚጎዳው ከሆነ ያ ጉዳት ራሱ ብዙ ይናገራል።

ሳይንሱም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚታመም አሳየ። ገዥው ሁሉንም መኪና ስለሚጠረጥር ደህናውም መኪና ዋጋ ያጣል። ለዚህና ለመሰል ሥራቸው እርሱና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የቢቸና ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ደህናውንም ግብር የጠረጠረው በዚሁ ሕግ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከእኛም ወገን ይህን ተረድቶ ወደ ሥራ የለወጠ ሰው አለ። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የመረጡት ርእስ የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲመሠርቱ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የአዲስ አበባን ዋጋ በየገጠሩ ከተማ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ውጥኑ ለእህል ነበር፤ እህሉ እንደታሰበው አልሆነም፤ ገበያው ብዙም ሳይቆይ በዋነኛነት ወደ ቡናና ወደ ሰሊጥ ዞረ። ስለ ውጤቱ ብዙ ክርክር ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ግን የባሕረ ሐሳብ ሐሳብ ነው፤ ነጋዴው ብቻ ያውቀው የነበረውን ቁጥር አደባባይ አውጥቶ ማወጅ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለእኔ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የሚመጣ ነው። የተማረው ልጅ ተቀጣሪ ነው። ቅርንጫፉ በዓመት ይህን ያህል ብድር አበድር፣ ይህን ያህል ሰብስብ ተብሎ ዕቅድ ተሰጥቶታል። ልጁ ቢቸና ተመድቦ ሲሠራ የእናቱ ወንድም ብድር ፈልገው መጡ እንበል። ብድሩ ለማዳበሪያና ለዘር ነው፤ መክፈያው ጥር ነው።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ተወው፤ አንተ ተምረሃል። ፈርሙ ካልከኝ እፈርማለሁ» ይላሉ አጎት።

ልጁ የሚያየውን አጎት አያዩም። ወይም ያዩታል፤ ግን በቁጥር አላስቀመጡትም። ጥር የጤፍ ዋጋ የሚወርድበት ወር ነው፤ ባለ ዕዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ጤፍ ይወደዳል። ስለዚህ ለአጎት ከወለዱ ይልቅ የመክፈያው ቀን ሊከብድ ይችላል። በ1994 ዓ.ም. ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ በወደቀ ጊዜ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ እንዴት እንደተጨነቀ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያን ዓመት ገበሬውን የጎዳው ወለዱ ብቻ አልነበረም፤ የመክፈያው ቀንም ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ቢያስፈርማቸው ሕግ አልጣሰም፤ አለቃውም ይደሰታል። ቢናገር አጎት ብድሩን ሊተዉት ይችላሉ፤ ዕቅዱም ይጎድላል። ነገር ግን አጎት የፈረሙት ባንኩን አምነው እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ያመኑት ልጁን ነው። ቁጥሩ ስላልገባቸው በቁጥሩ ቦታ እርሱን አስቀምጠዋል። ሰው በቁጥር ምትክ ሲታመን ዝምታው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ቢያንስ እንዲህ ማለት ያለበት ይመስለኛል፦ «ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይስሙኝ። ዛሬ የሚወስዱት ይህን ያህል ብር ነው። በጥር የሚመልሱት ይህን ያህል ነው። በአምናው የጥር ዋጋ ይህን ያህል ጤፍ ያስሸጥዎታል፤ በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ያነሰ ነበር። አሁን እርስዎ ይወስኑ።» ከዚያ በኋላ አጎት ቢፈርሙ ፊርማቸው የራሳቸው ነው። ቢተዉትም እንዲሁ።

ይህ ለመሥሪያ ቤቱ ክሕደት ነው? አይመስለኝም። ቀጣሪ የሠራተኛውን ጊዜና ችሎታ ይገዛል፤ የሰው አለማወቅን ግን ለሽያጭ ያቀረበለት የለም። በዚያ ላይ የ1960 ዓ.ም. ታሪክ እንደሚያስተምረን እምነት አንዴ ከጠፋ በጦር አውሮፕላንም አይመለስም። ግልጽ የሆነ አበዳሪ አንድ ውል ቢያጣ ሌላ ዓመት ሌላ ያገኛል።

ደግሞም ይህ ወጣት ራሱ ባለ ዕዳ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን የተማረ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ብዙው በአሥራ ስምንት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ በሰልፍ ቆሞ ነው የሚፈርመው። ስንት እንደሚከፍል፣ ከደመወዙ ስንት በመቶ ለስንት ዓመት እንደሚቆረጥ አስልቶ የፈረመ ምን ያህል ይሆን? የቀረውን የትምህርቱን ወጪ የሸፈነው ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ደግሞ የሞጣዋ ቅመም ቸርቻሪና ጤፉን በጥር የሚሸጠው አጎት አሉበት። «ብድር በምድር» የሚለው አባባል ለዚህ ወጣት ተረት ብቻ አይደለም፤ አበዳሪዎቹ ነገ ከመስኮቱ ማዶ ተሰልፈው ይቆማሉ።

ሕዝቡ የገንዘብን ዐዋቂ መጠርጠሩ ካለማወቅ ብቻ የመጣ ነው ብዬ የማላምነው ለዚህ ነው። ጥርጣሬው የተወለደው ስሌቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሰላ ስለኖረ ነው። በየዓመቱ ከድኅረ ምረቃ ክፍል የሚወጡት ወጣቶች ሊያጠፉት ይችላሉ፤ ሊያባብሱትም ይችላሉ። ለመጀመር አዲስ ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በውሉ ራስ ላይ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ይጻፍ፤ የሚወሰደው ብር፣ የሚመለሰው ብር፣ የሚመለስበት ቀን። በቡድን ለሚበደሩትም በቡድኑ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር አንድ ወጣት በመስኮቱ ውስጥ ሆኖ፣ አለቃው እየሰማ፣ ሰልፉ እየረዘመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡን ነው።